የደረጃውን ማን ይክፈል? የኮንዶሚኒየም መዋጮና «አልከፈሉም» የሚለው ዝርዝር ታሪክ

ባለፈው እሁድ ብሎካችን ሥር ስብሰባ ነበረን። አጀንዳው አንድ ነው፤ ውዝፍ። ገንዘብ ያዡ ሁለት ቀን ቀደም ብሎ የ11 ቤት ቁጥር ከነዕዳው ጽፎ የመግቢያው ግድግዳ ላይ ለጥፎት ነበር። ስም አልጻፈም። ግን 30 ቤት ባለበት ብሎክ ውስጥ ቁጥር ማለት ስም ነው።

የቀረበውን ሐሳብ ኮንዶሚኒየም የምትኖሩ ሁሉ ታውቁታላችሁ። «ሦስት ወር ያልከፈለ ውሃው ይቆረጥ።» ውሃው ከጣሪያው ሮቶ ስለሚወርድ ቫልቭ መዝጋት አምስት ደቂቃ አይፈጅም። እጅ ልናወጣ ስንል የአራተኛ ፎቋ እማማ ተነሡ። ቤቱ የደረሳቸው በዕጣ ነው፤ ከቀበሌ ቤት ነው የመጡት። ልጃቸው በሕይወት ሳለ እሱ ይከፍልላቸው ነበር። «ልጆቼ፣ እኔ አልከፍልም አላልኩም። አጣሁ ነው ያልኩት» አሉና ተቀመጡ።

ሊቀመንበራችን ክፉ ሰው አይደለም። «እማማ፣ ደንቡ ለሁሉም አንድ ነው፤ እኔ ምን ላድርግ?» አላቸው።

ይህቺ መልስ ናት ሳምንቱን ሙሉ ስታብሰለስለኝ የሰነበተችው። ደንቡ ለምን ለሁሉም አንድ ሆነ? ያጣና እምቢ ያለ በአንድ ዝርዝር ላይ እንዲለጠፉ ማን ወሰነ? ነገሩ ከእኛ ብሎክ ኮሚቴ በጣም የራቀ ሥር አለው።

በፎቅና በፎቅ የተከፋፈለ ቤት የጋራ ወጪን ማን ይሸፍን የሚለው ጥያቄ አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1804 የወጣው የናፖሊዮን የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 664 ላይ መልስ ሰጥቶት ነበር። ዋናው ግድግዳና ጣሪያው የሁሉም ነው፤ እያንዳንዱ እንደ ቤቱ ዋጋ ያዋጣል። ደረጃውን ግን ከፋፈለው። የአንደኛ ፎቅ ባለቤት ከምድር እስከ እሱ በር ያለውን ይሠራል፤ የሁለተኛው ፎቅ ባለቤት ከዚያ እስከ እሱ በር፤ እንዲህ እያለ ወደ ላይ ይወጣል። የምድር ቤቱ ሰውዬ ለደረጃ አንድ ሳንቲም አያወጣም። «እኔ ግራውንድ ነኝ፣ የደረጃ መብራት ምን አገባኝ?» የሚለው ጎረቤታችሁ፣ ሳያውቀው የሁለት መቶ ዓመት ሕግ እየጠቀሰ ነው ማለት ነው።

ያ አንቀጽ እ.ኤ.አ. በ1938 ከዚያም በ1965 በወጡ ሰፋ ያሉ ሕጎች ተተካ። የእኛ ታሪክ ከዚህ ጋር የሚገናኘው በአንድ ሰው በኩል ነው። በ1952 ዓ.ም የወጣውን የኢትዮጵያን የፍትሐ ብሔር ሕግ ያረቀቀው ፈረንሳዊው የሕግ ሊቅ ሬኔ ዳቪድ ነበር። ሕጉን ገልጣችሁ ከቁጥር 1281 ጀምሮ ብታዩ፣ አንድ ሕንጻ ውስጥ ፎቅ በፎቅ ወይም ክፍል በክፍል የተለያዩ ሰዎች ባለቤት ሲሆኑ ስለሚኖራቸው ግንኙነት እስከ 1308 ድረስ ይዘረዝራል። በ1952 ዓ.ም አዲስ አበባ ውስጥ ይህ ሕግ የሚመለከተው ስንት ሰው ነበር? የከተማው ሕዝብ አብዛኛው በጭቃ ቤት ተከራይቶ ይኖር ነበር። ሕጉ ደረጃው ከመሠራቱ በፊት ደርሶ የደረጃውን ወጪ ያከፋፈለ ሕግ ነበር።

ከዚያ 1967 መጣ። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት አደረገ። አንድ ቤተሰብ አንድ ቤት፤ ከዚያ በላይ ያለው ተወረሰ። በወር ከ100 ብር በታች የሚከራየው ቤት በቀበሌ ሥር ገባ፤ ከዚያ በላይ ያለው ለኪራይ ቤቶች ድርጅት ሄደ። ኪራይም ተቀነሰ፤ ለዝቅተኛው ተከራይ እስከ ግማሽ ድረስ። ስለዚህ አዋጅ ሰው የሚጨቃጨቀው ስለ ፍትሑ ነው። እኔ እዚህ የምፈልገው ሌላ ነገሩን ነው። አዋጁ ለአንድ ትውልድ፣ ከዚያም ለሁለተኛው፣ ቤት ማለት ጥቂት ብር ከፍለህ የምትኖርበት፣ ጣሪያው ሲያፈስ «የቀበሌ ነው» የምትልበት ነገር እንደሆነ አስተማረ። ቀበሌ ደግሞ በዚያ ኪራይ ቤት ሊጠግን አልቻለም። ተከራይ አይጠግንም፣ አከራይ አይጠግንም። ቤቶቹ በዚህ መሐል አረጁ።

ይሁን እንጂ በእነዚያ ሰፈሮች ውስጥ ማዋጣትን የማያውቅ ሰው አልነበረም። ዕድር ነበር። ዕድር መዝገብ አለው፣ ዳኛ አለው፣ ጸሐፊ አለው፣ ቅጣት አለው። የወር ክፍያ ያሳለፈ ይቀጣል፤ ቀብር ያልወጣ ይቀጣል። ዕድር ለስላሳ ነው የሚል ካለ ዕድር ገብቶ አያውቅም። ነገር ግን ያደግሁበት ሰፈር ዕድር ውስጥ፣ አንዲት ባልቴት መክፈል ሲያቅታት ዳኛው «እሷ ትታለፍ» ይል ነበር፤ ሰው ሁሉ ዝም ብሎ ይቀበለዋል። ስም ማጥፋት የለም፣ ዝርዝር መለጠፍ የለም። ያጣችና ያመፀ ለየቅል ናቸው። ይህን ለመለየት ጥናት አላስፈለገም፤ ጓዳዋን ሁሉም ያውቀዋል።

አሁን ወደ 1995 እንሂድ። የጋራ ሕንጻ ቤት አዋጅ ቁጥር 370/1995 ወጣ። ሕጉ ዘመናዊ ነው። በአንድ ሕንጻ ውስጥ እያንዳንዱ ሰው የራሱ ቤት ባለቤት ነው፤ ደረጃው፣ ጣሪያው፣ ግቢው የጋራ ነው። የቤት ባለቤቶች ማኅበር ይቋቋማል፤ ሲመዘገብ የሕግ ሰውነት ያገኛል፣ ይከሳል፣ ይከሰሳል። ጠቅላላ ጉባኤ አለው፣ ቦርድ አለው። የጋራ ወጪውን ባለቤቶቹ በድርሻቸው ያዋጣሉ። በወረቀት ላይ የሚጎድል ነገር የለም።

ግን አዋጁ በወጣ በዓመቱ ምን ተከተለ? ከንቲባ አርከበ ዕቁባይ በነበሩበት ጊዜ ገርጂ ላይ የሙከራ ብሎኮች ተሠሩ። በ1997 ምዝገባ ሲከፈት ከ450 ሺህ በላይ ሰው ተመዘገበ። ሕጉ በሌላ ዓለም በገዛ ፈቃዳቸው፣ አቅማቸውን መዝነው ፎቅ ለሚገዙ ሰዎች የተቀመረ ሐሳብ ነበር። እኛ ዘንድ በዕጣ ለሚገቡ ሰዎች ሆነ። ዕጣው ደግሞ ሆን ብሎ አቅም የሌለውን የሚፈልግ ነበር። ለሴቶች 30 በመቶ ተለይቶ ተያዘ፤ ኋላ ለአካል ጉዳተኞች 5 በመቶ ተጨመረ። 10/90 የሚባለው ፕሮግራም ደግሞ በግልጽ የታሰበው ለዝቅተኛ ገቢ ነዋሪ ነው። ልደታ ሲፈርስ የቀበሌ ተከራዮች ቅድሚያ ተሰጣቸው፤ ቅድመ ክፍያው ያቃተው ሌላ ቦታ የቀበሌ ቤት ተሰጠው።

እንግዲህ ልብ በሉ። መንግሥት ድሃውን በዕጣው ቀን አስቦታል። በግንባታውም ጊዜ አስቦታል፤ የምድር ቤት ሱቆቹ በጨረታ በውድ እየተሸጡ የላይኛው መኖሪያ ዋጋ እንዲረክስ ተደርጓል። ያለው ለሌለው እንዲከፍል የተሠራ ሒሳብ ነበር ማለት ነው። በወር መጨረሻ ግን ረሳው። ቁልፉን ከተቀበሉበት ቀን ጀምሮ አራተኛ ፎቅ ያሉት እማማና ምድር ላይ ሱቅ የገዛው ነጋዴ በሕግ ፊት አንድ ናቸው፤ ሁለቱም «ባለቤት»። ባለቤት ደግሞ ይከፍላል።

የሚከፈለውስ ምንድን ነው? የዘበኛ ደመወዝ፣ የፅዳት ሠራተኛ፣ የውሃ ፓምፕ መብራት፣ ሲሞላ የሚጠራው የፍሳሽ መምጠጫ መኪና፣ ሲቃጠል የሚቀየረው የደረጃ አምፖል። እኛ ዘንድ አሁን በወር 300 ብር ነው። ሊፍት ያላቸው የ40/60 ሕንጻዎች ከዚህ በጣም ይበልጣል፤ ሊፍት ባለቤቱን አያርፍ አያሳርፍ። በቀበሌ ቤት ኪራይ ለኖረ ሰው 300 ብር ለ«ደረጃ» ሲባል ስድብ ይመስለዋል፤ ከባንክ ዕዳው ጋር ሲደመር ደግሞ ከስድብም ያልፋል። የተባበሩት መንግሥታት የሰፈራ ድርጅት፣ ሀቢታት፣ እ.ኤ.አ. በ2011 ስለ እኛ ኮንዶሚኒየም ባወጣው ጥናት ዕጣ የደረሳቸው ድሆች ክፍያው ከብዷቸው ቤቱን አከራይተው እነሱ ሌላ ቦታ እንደሚኖሩ ጽፎ ነበር። ይህን ለማወቅ ጥናቱን ማንበብ የማያስፈልገው የአዲስ አበባ ሰው ብዙ ነው።

ኮሚቴዎችን ብቻ መውቀስም ደግ አይደለም። ኮሚቴ ማለት ደመወዝ የሌለው፣ ከሥራ መልስ ካርኒ ይዞ በር የሚያንኳኳ፣ «ሌባ» እየተባለ የሚያገለግል ጎረቤት ነው። ሕጉ ክሰስ ይለዋል። የአንድ ዓመት ውዝፍ 3,600 ብር ለማስከፈል ፍርድ ቤት ይሂድ? የዳኝነት፣ የጠበቃ፣ የመመላለሻ፤ ከዚያ ቢፈረድለት አፈጻጸም። ቤቱ ላይ እንዳይሄድ ካርታው ባንክ ነው። ስለዚህ ኮሚቴው ሕጉን ትቶ ቫልቩን ይይዛል። ወይም ቤት ሊሸጥ ለመጣ ሰው ክሊራንስ ይከለክላል። የኋለኛው ቢያንስ ገንዘብ ሊቀበል የመጣን ሰው ነው የሚይዘው። ቫልቩ ግን የሚይዘው ቤቱ ውስጥ የሚኖረውን ነው። በእኛ ከተማ ደግሞ ቤቱ ውስጥ የሚኖረውና ባለቤቱ ብዙ ጊዜ አንድ ሰው አይደሉም።

ከስብሰባው በኋላ ገንዘብ ያዡን ለምኜ 11ዱን ቤቶች አንድ በአንድ አየናቸው። ሰባቱ የተከራዩ ናቸው፤ የሁለቱ ባለቤቶች ውጭ አገር ናቸው፣ አንዷ ዱባይ፣ አንዱ ዋሽንግተን አካባቢ። ኪራያቸውን በየወሩ በባንክ ይቀበላሉ፤ መዋጮውን «ተከራዩ ይክፈል» ይላሉ፣ ተከራዩ «ባለቤቱ ይክፈል» ይላል። አንዱ ቤት ሒሳብ ኦዲት ካልተደረገ አልከፍልም ያለ መምህር ነው፤ እውነቱን ለመናገር ክርክሩ ውሃ ያነሳል። የቀሩት ሦስት ናቸው በትክክል ያጡት። እማማ፣ ከስትሮክ በኋላ አልጋ የያዘ ሹፌርና አንዲት ሁለት ልጅ ብቻዋን የምታሳድግ እናት።

ሒሳቡ ይኸው። የሦስቱ የወር መዋጮ 900 ብር ነው። ለቀሩት 27 ቤቶች ቢከፋፈል በቤት 33 ብር ገደማ ይደርሳል። መክፈል እየቻሉ ያልከፈሉት ስምንቱ ግን በየወሩ 2,400 ብር ያጎድላሉ። ፓምፑን የሚያቆመው የትኛው ጉድለት ነው? የውሃ ቅጣቱ ሲመጣስ መጀመሪያ የሚጠማው ማን ነው? ዱባይ ያለችው ሴትዮ አይደለችም።

ይህ ነገር እኛ ዘንድ ብቻ የተፈጠረ እንዳይመስላችሁ። ሌላውም ዓለም በሁለት መንገድ ሄዶበታል።

አንደኛው መንገድ ማስከፈያውን ማጥበቅ ነው። ቶሮንቶ ያላችሁ አንባቢዎቼ ታውቁታላችሁ፤ በኦንታሪዮ እ.ኤ.አ. የ1998 የኮንዶሚኒየም ሕግ መሠረት ባለቤቱ መዋጮ ሲያሳልፍ ቤቱ ላይ የማኅበሩ መያዣ ወዲያው ይፈጠራል። ማኅበሩ በሦስት ወር ውስጥ ካላስመዘገበው ይሞታል፤ ካስመዘገበው ግን የባንኩን የቤት ብድር እንኳ ይቀድማል። በዚህ ምክንያት ባንኩ ራሱ ደንበኛውን «ኮንዶህን ክፈል» ብሎ ይጨቀጭቀዋል። መሣሪያው ስለታም ነው፤ ቤት ያሸጣል። ግን ማንም የማንንም ቧንቧ አይዘጋም። ዕዳው የሚከተለው ንብረቱን ነው፤ የሚጠጣውን ሰው አይደለም።

ሁለተኛው መንገድ ከፈረንሳይ ነው፤ ትምህርቱም በውድ የተገዛ ነው። እ.ኤ.አ. የ1965ቱ ሕግ ለባለቤቶች ማኅበር በባለዕዳው ቤት ላይ መያዣ ሰጥቷል፤ ለሊፍትና ለመሳሰለው ደግሞ እያንዳንዱ በሚያገኘው ጥቅም ልክ ይክፈል ብሎ የምድር ቤቱን ሰው ክርክር ዘግቷል። ሆኖም ድሆች በብዛት ባለቤት በሆኑባቸው ሕንጻዎች ሕጉ ብቻውን አልሠራም። ከፓሪስ ወጣ ብሎ ክሊሺ ሱ ቧ የሚባል ከተማ አለ፤ እ.ኤ.አ. የ2005ቱ የወጣቶች ረብሻ የተነሣበት። እዚያ ሼን ፗንቱ የሚባል ትልቅ የጋራ መኖሪያ ውስጥ መዋጮ ሳይከፈል ተከማቸ፣ ሊፍቶች ቆሙ፣ ሰው ዕቃውን ተሸክሞ ፎቅ ወጣ። መያዣ ምን ያደርጋል? ቤቱን የሚገዛ የለም። በመጨረሻ እ.ኤ.አ. በ2015 መንግሥት ራሱ ገባበት።

ፈረንሳዮች ከዚያ በፊትም የገባቸው ነገር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1990 በወጣው ሕግ በየአውራጃው የቤት መረዳጃ ፈንድ አቋቋሙ፤ መጀመሪያ ለተከራይ። በ1996 ደግሞ ለሚወድቁ የጋራ ሕንጻዎች የማዳኛ ዕቅድ የሚባል ሥርዓት ዘረጉ። ኋላ ያ ፈንድ፣ በእንዲህ ያለ ዕቅድ ውስጥ በገባ ሕንጻ የሚኖር ድሃ ባለቤት የጋራ ወጪ መክፈል ሲያቅተው እንዲረዳው ተፈቀደ። «ባለቤት ከሆንክ ድሃ አይደለህም» የሚለውን አስተሳሰብ ትተው፣ ባለቤትም ድሃ ሊሆን እንደሚችል በሕግ ጻፉ ማለት ነው።

የእኛ ሕግ ይህን አያውቅም እንዳይባል፣ ሌላ ቦታ ጽፎታል። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 41 ንዑስ አንቀጽ 5 ላይ መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን ለአካል ጉዳተኞች፣ ለአረጋውያንና ያለ ወላጅ ለቀሩ ሕፃናት እንክብካቤ ያደርጋል ይላል። ግዴታው የመንግሥት ነው፤ የሦስተኛ ፎቅ ጎረቤት አይደለም። የማኅበረሰብ ጤና መድህንን ተመልከቱ። በ2003 ዓ.ም በአራት ክልሎች 13 ወረዳዎች ላይ ሲጀመር ጥያቄው ልክ የእኛው ነበር፤ ሁሉም ያዋጣ፣ ግን ያጣውስ? መልሱ ያጣውን መለየትና መዋጮውን መንግሥት እንዲሸፍንለት ማድረግ ሆነ። በከተማ ሴፍቲኔትም ወረዳው ሠርቶ መብላት የማይችሉ አረጋውያንንና አካል ጉዳተኞችን መዝግቦ ይረዳል። ማን እንዳጣ የሚያውቅ መዝገብ በየወረዳው አለ ማለት ነው። የጎደለው ከዚያ መዝገብ ወደ ኮንዶሚኒየሙ ካርኒ የሚያገናኝ አንድ አንቀጽ ነው።

አንቀጹ እስኪመጣ ደግሞ ግቢያችን ውስጥ የቆመ ነገር አለ፤ ኮሚናሉ። የድሮ ሳይቶች ሲሠሩ ለእንጀራ መጋገሪያ፣ ለልብስ ማጠቢያ፣ ለእርድ፣ ለሐዘን መቀመጫ ተብሎ የተሠራው ቤት። ቀበሌ ሰፈር የነበረው ኑሮ ፎቅ ላይ አይወጣም ብሎ ያሰበ ሰው ነው የነደፈው፤ ነፍሱን ይማር ወይም ዕድሜ ይስጠው። ዛሬ ስንቱ ኮሚናል ነው መጋዘን፣ ሱቅ፣ መዋለ ሕፃናት ሆኖ የተከራየው? የእኛው የተከራየው ለዕቃ ማስቀመጫ ነው፤ ኪራዩ ወደ ማኅበሩ ካዝና ገብቶ «ልዩ ልዩ» በሚል መስመር ይወጣል። ኮሚናሉ የጋራ ንብረት ነው፤ እማማም በድርሻቸው ባለቤቱ ናቸው። ከሱ ኪራይ በቤት ድርሻቸው ቢሰላላቸው ምናልባት ውዝፉ ግማሽ በግማሽ ይጣፋል። ይህን የሚከለክል አንቀጽ እስካሁን አላየሁም፤ ያየ ካለ ከታች ይጻፍልኝ።

አንዳንዶች «ለሦስት ሰው በር ከተከፈተ ነገ ሠላሳው አጣሁ ይላል» ትላላችሁ። በስብሰባውም የተነሣው ይኸው ነው። ፍርሃቱ ባዶ አይደለም፤ ብሎካችን ውስጥ መኪና እያሽከረከረ «ተቸገርኩ» የሚል አለ። ግን ዕድሮቻችን ስንት ዓመት ያስተናገዱት ይህንኑ ነው። በ30 ቤት መካከል ያጣ ሰው ተደብቆ አይኖርም፤ ያለውም ደሃ መስሎ ብዙ አይቆይም።

የስብሰባው መጨረሻ እንዲህ ሆነ። የውሃው ሐሳብ ድምፅ ሳይሰጥበት ለሁለት ሳምንት አደረ። መምህሩ ኦዲቱ ከተጀመረ ውዝፉን በአንድ ቀን እከፍላለሁ ብሎ ፈረመ። ለሰባቱ አከራዮች ደብዳቤ እንዲጻፍ ተወሰነ፤ ዱባይ ላለችው በቴሌግራም ተላከላት፣ አንብባዋለች፣ አልመለሰችም። የኮሚናሉ ውል ተፈልጎ እንዲቀርብ ጸሐፊው ታዘዘ፤ እስከ ዛሬ ማታ አልተገኘም። ግድግዳው ላይ የነበረውን ዝርዝር ማን እንደቀደደው አይታወቅም። ገንዘብ ያዡ እኔን ይጠረጥራል።